ማስቀመጫዋ ማጂ ነው

ሚዛን ከተማ ገበያ፣ አሮጌ ዕቃ ከተነጠፈበት ሸራ ላይ አንዲት የሻይ ስኒ አነሳሁ። ወደ ፀሐይ ስይዛት የጣቶቼ ጥላ ከወዲያ አልፎ ታየኝ። ገለበጥኳት፤ ከሥሯ አረንጓዴ ዘውድ፣ ከዘውዱ አጠገብ የምስማር ጭረት አለ። ጭረቱን በጥፍሬ ዳሰስኩት።

የእንግሊዝ ስኒ እንዲህ እንደሚለይ ልጅ ሳለሁ ያሳየችኝ አክስቴ ናት፣ ማጂ ከተማ፣ ቤቷ መስኮት ሥር ተቀምጠን። አባቷ ማጂ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ ዘበኛ ነበሩ፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ስኒዋን ከነማስቀመጫ ሳህኗ ሰጧቸው። ጭረቱንም ስትጭረው አይቻለሁ። ልጇ ታደሰ ለውትድርና ሲነሳ፣ እንዳትለወጥበት ብላ ስኒዋን በምስማር ምልክት አደረገችባትና በነጠላዋ ቁራጭ ጠቅልላ ሰጠችው። ማስቀመጫዋን አስቀረች።

"ለምን ትለያያቸዋለሽ?" አልኳት።

"ማስቀመጫዋ እኔ ጋ እያለ ስኒዋ የት ትቀራለች?" አለችኝ።

ታደሰ እንደወጣ ቀረ።

"ከየት አመጣሃት?" አልኩት ሻጩን።

"እኔ እንጃ እህቴ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የመጣችው። ማስቀመጫ የላትም እንጂ ደህና ስኒ ናት።"

አክስቴ አርጅታለች። ዛሬም እዚያው ማጂ ሆና ያንን ማስቀመጫ በየማለዳው ትወለውላለች።

ስኒዋን መልሼ ሸራው ላይ አስቀመጥኳት። ይዣት ብገባ፣ አክስቴ እኔን አይደለም የምታየው፤ ከኋላዬ በሩን ነው።