ተቃውሞ ያለው ሲባል የተነሣው ዶላሞ

ከገዘር ከተማ በላይ ባለው ዳገት ከጋሽ ዶላሞ ጋር በአጥር ተለያይተን ኖረናል። እንሰት ይተክላል፣ ማር ይቆርጣል፣ እሑድ ጸሎት ቤት ይዘምራል። ድምፁ ለመዝሙር የተሠራ አልነበረም፤ እሱ ግን ማንንም ሳያፍር ይለቀው ነበር።

ሌላው ጠባዩ «አይሆንም» ማለቱ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሲመክሩ፣ ነገሩ ሳይቆረጥ «ቅር የሚለው አለ?» ይባላል። ያኔ ዝም ብሎ ኋላ ቤቱ ገብቶ የሚያጉረመርም ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠራል። ዶላሞ ሁሌም ይነሣል። ምሳ ሰዓት አልፎ እሱ ገና ሲከራከር ያሰለቸን ነበር። ግን ጎረቤታችን አረጋሽ ባሏ ሲሞት ማሳዋን ከባሏ ወንድሞች ያስጣለላት ያው ንዝንዙ ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መንደር ምሥረታ መጣ። ደምሰው የሚባል ካድሬ ከጂንካ መጥቶ ሰበሰበንና ዳገቱን ለቀን ሜዳው ላይ በመደዳ ቤት እንደምንሠራ ነገረን። ሲጨርስ «ተቃውሞ ያለው?» አለ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ሰውየው የጠየቀው ለወጉ እንደሆነ ከተማ ወጣ ገባ ያልን እናውቃለን። ዶላሞ ግን ተጠይቆ ዝም ማለት ጠያቂውን መናቅ መሰለው። ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

«እኔ ተቃውሞ አለኝ፣ ጌታዬ» አለ። «ሜዳው ክረምት ውኃ ይተኛበታል። አዲስ እንሰት ደግሞ ቶሎ አይደርስም። እስከዚያ ልጆች ምን ይበላሉ?»

ደምሰው ፈገግ ብሎ ስሙን ጠየቀው። ዶላሞ ከነአባቱ ነገረውና ደስ ብሎት ተቀመጠ። የተሰማ መስሎታል። በማግስቱ ታጣቂዎች እየነዱ ጂንካ ወሰዱት።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሜዳው ያን ያህል አልከፋም ብለው የሚከራከሩ አሉ። ይሁን፤ ዶላሞ ተሳስቶስ ቢሆን? ሰው ስለተሳሳተ ይታሰራል? አንድ ገበሬ ውኃ ይተኛበታል ስላለ የሚናጋ መንግሥት፣ መጀመሪያውኑ ባይጠይቅ ምን ነበረበት?

ከዓመት በኋላ ተፈታ። እግሩን ያነክሳል። የደረሰበትን ለሚስቱ ለባዩሽም አልነገራትም። መዝሙርም ተወ።

ልጁ ጤናዬ ስትደርስ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ የቀይ አፈር ከተማ ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። ጤናዬ ሰውየውን አልፈለገችም። እያለቀሰች ለአባቷ ነግራዋለች፤ እሱም ራሷን ዳብሷታል። ስለዚህ አልፈራችም። ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቀው ያባቷ «አይሆንም» ከበቂ በላይ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እኛ ጎረቤቶች ባለንበት ዶላሞ ቤት ተናግረው ሲያበቁ ቅር የሚለው ሰው እንዳለ ጠየቁ። ሁላችንም ወደ ዶላሞ ዞርን። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«አባዬ» አለች ጤናዬ፣ ከጓዳው በር ቆማ።

ዶላሞ እጁን አወጣ። «እደግፋለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላም እጁን አላወረደም፤ ባዩሽ ናት ይዛ ያወረደችለት።