ኮፈኑ ላይ ያለው ጭረት

ሰይፈሥላሴ ቀራንዮ ያለው የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሆኖ ከተቀጠረ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ የባለ ነጭ መኪናዋን ሴትዮ ስም ጠይቆ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ትመጣለች። መንዳት አትችልም። ነጯ መኪና ውስጥ ገብታ ሞተሩን ታስነሳና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሩብ ሰዓት ያህል ትቀመጣለች። ከዚያ አጥፍታ ትወርድና ግንቡን ተደግፋ ትጠብቃለች።

ብዙም አያቆያትም። የግቢው ግራጫ ድመት የሞቀ ኮፈን አታልፍም፤ ዘላ ትወጣና ጥቅልል ብላ ትተኛለች።

ዛሬ ግን ሰይፈሥላሴ ድመቷን አያት። ባለመኪኖቹ "ድመት ቀለማችንን ጨረሰችው" እያሉ ስለሚነዘንዙት፣ መጥረጊያውን አንስቶ ሮጠ።

"ተዋት ወንድሜ" አለችው። "ስትተኛ ምንም አታደርግም። የምትቧጭረው ስትባረር ነው፤ ልሽሽ ስትል ያንሸራትታታል።"

"ይኸው ጭራዋለች እኮ እትዬ!" አለ፣ ኮፈኑ ጫፍ ላይ ያሉትን አራት ቀጫጭን መስመሮች እያሳያት። "አየር ጤና የማውቀው ጋራዥ አለ፤ በግማሽ ቀን ድራሹን ያጠፋልዎታል።"

ሴትዮዋ ጨርቋን አርጥባ መኪናውን መጥረግ ጀመረች። ከመስታወቱ ወደ ኮፈኑ ወረደች፤ ጭረቶቹ ጋ ስትደርስ ግን ጨርቁን አስቀመጠችና በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

"ባለቤቴ ነበር የሚያባርራት" አለች። "ከሥራ ገብቶ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጉብ ትልበታለች። ያን ጊዜ ጩኸቱ እዚህ ጎን ያለው ቤታችን ድረስ ይሰማኝ ነበር።"

ጨርቋን አነሳችና በጭረቶቹ ዙሪያ መጥረጓን ቀጠለች።

"ጋራዡ ይቅርብኝ።"