ሁለቴ የማይጠየቅበት አገር

«መሄዱን ግን አንቺ ትፈልጊዋለሽ?» አለችኝ አክስቴ፣ ሻንጣዬ መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ወደ ቦሌ ልንወጣ ስንል። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እቴቴ ነው የምላት።

አንገቴን ደፋ አድርጌ «እናንተ ካላችሁ እንግዲህ» አልኳት። ውሸቴን እኮ ነው! ዲቪው የደረሰኝ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ነው የጨፈርኩት። ግን እንዴት ተደርጎ «እፈልጋለሁ» ይባላል? ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ስትሰጠኝም «ይቅርብኝ፣ ሻንጣው ሞልቷል» አልኩ፤ «በሞቴ!» ስትል ተቀበልኩ። እኛ ጋ እንደዚህ ነው፤ ትግደረደሪያለሽ፣ ትለመኛለሽ፣ ከዚያ ትወስጃለሽ።

አሜሪካ፣ ዴንቨር ላይ የሚለምንሽ የለም።

እዚያው አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ አረጋውያን እየተንከባከብኩ ተማርኩና የራጅ ባለሙያ ሆኜ ተመረቅኩ። አፕላይ ያላደረግኩበት ክሊኒክ የለም። በመጨረሻ እንግልውድ ያለ አንድ ክሊኒክ ጠራኝ። ኢንተርቪው ላይ ምን የመሰለ መልስ ስመልስ ቆይቼ፣ አለቃዋ «ቅዳሜ ቅዳሜ የራጅ ክፍሉን ብቻሽን መያዝ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «ከኔ የተሻለ ሰው ካለ ግድ የለም» አለ። ፈገግ ብዬ እስክትለምነኝ ጠበቅኩ። «በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ብላ እጄን ጨበጠችኝ። አለቀ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሞንትቤሎ ሰፈር የቤታቸውን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ያከራዩኝ ጋሽ ታምራት ናቸው፤ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ። ስነግራቸው በሳቅ ሞቱ።

«አንቺ! ኢንተርቪው ነው የሄድሽው ሠርግ ቤት?»

«ይስቃሉ እንዴ ጋሼ? ሥራው እኮ አመለጠኝ!»

«ታዲያ ግድ የለም አልሻቸው፤ ምን ያድርጉ? አመኑሽ።»

«አመኑሽ» ያሏት ነገር ውስጤ ቀረች። ሌሊት ከሌሊት ስብሰለሰል፣ ንዴቴ እየበረደ ሄደና አገሩን ወደድኩት። እንደኔ ያለችውን ልጅ ቃል፣ እንዳለ፣ ሳያጣምም የሚቀበል ሰው የት አይቼ አውቃለሁ?

ከዚያ ሌክውድ ያለ ክሊኒክ ጠራኝ። ሌላው ሰው ለኢንተርቪው በዩቲዩብ ይዘጋጃል፤ እኔን ጋሽ ታምራት በራት አሠለጠኑኝ። በመጀመሪያው ምሽት ወደ ላይ፣ ወደ እነሱ ቤት ጠሩኝና፣

«ራት ትበያለሽ?»

«ኧረ በልቻለሁ።»

«እሺ» ብለው ሳህኑን አነሱት! ሽሮው እየተንተከተከ!

ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ብድግ አሉ። «ኧረ በማርያም! ልጅቷን በረሃብ ልትፈጃት ነው?»

«ብርቄ፣ ተቀመጪ። ይሄ ቤት ሁለቴ አይጠይቅም።»

«አንተስ ሳንጋባ እኛ ቤት ስትመጣ ስንቴ ተለምነህ ነበር የምትበላው?»

«ለዚህ አይደል ሥራ ለማግኘት ስንከራተት የከረምኩት!»

ተርቤ አደርኩ። በማግስቱ ገና «ራት...» ሲሉ «አዎ! ሥጋም ካለ!» አልኩ።

«ቀጠርኩሽ!» አሉ ጋሽ ታምራት፣ እትዬ ብርቄ ሳህኔን ሲቆልሉልኝ።

የኢንተርቪው ቀን፣ አዳር ሲነዱ ቆይተው፣ ሳይተኙ ሌክውድ ድረስ አደረሱኝ። ከረባት አስረዋል። «መኪና ውስጥ ለመጠበቅ ከረባት ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው፣ «ሰው ይዤ መጥቼ የለ» አሉኝ። ፓርክ አድርገው ቀሩ። እንዲህ ያለ ሰው በስደት አገር ይገኛል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ሱፐርቫይዘሯ ከሁሉም በኋላ ወረቀቷን አጠፍ አድርጋ «ሥራውን ትፈልጊዋለሽ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እፈልገዋለሁ። አሳምሬም እሠራዋለሁ።»

ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ጣሪያው አልተናደም። እሷም ፈገግ ብላ «እንደውልልሻለን» አለች።

መኪና ውስጥ ሆኜ ለእቴቴ ደወልኩ፤ እዚያ መሽቷል።

«ሰጡሽ?»

«ይደውሉልኛል። እቴቴ፣ የሄድኩ ለት የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ? መሄዱን ትፈልጊዋለሽ ወይ ብለሽ?»

«እናንተ ካላችሁ አልሽኝ» አለች ወዲያው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ይዛው ኖራለች ማለት ነው።

ጋሽ ታምራት ሬዲዮውን ዘጉ።

«ፈልጌው ነበር፣ እቴቴ። በጣም ፈልጌው ነበር።»