የሚያምኑት ሰው ስልክ

ሽማግሌው ላፕቶፓቸውን በፎጣ ጠቅልለው ነው ወደ ጥገና ቤቱ ያመጡት። ካሜራው ላይ ፕላስተር ለጥፈውበታል፤ የሸሚዛቸውም ቁልፍ እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ጠጋኟ የላፕቶፑን ሲስተም በአዲስ እየቀየረች፣ ማሽኑ የሚጠይቀውን ታነብላቸዋለች።

«ጋሼ፣ ያሉበትን ቦታ ይወቅ?»

«ምን አግብቶት!»

«ድምፅዎንስ ይስማ? ሥራ ያቀልልዎታል።»

«ይቅርብኝ። ገመናዬ ከእኔው ጋር ይቀበር።»

ቀና ሳትል «አልፈቅድም» የሚለውን ተጫነች።

«የይለፍ ቃሉ ከጠፋብዎ የሚደወልለት፣ የሚያምኑት ሰው ስልክስ? ልጅ፣ ወንድም…»

ሽማግሌው ፎጣውን አጠፉት፤ ዘረጉት፤ መልሰው አጠፉት። ከዚያ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስልክ ቁጥር ቀስ እያሉ ያነቡላት ጀመር።

የገዛ ሱቋ ስልክ መሆኑ የገባት ግማሹን ከጻፈች በኋላ ነው። ቀሪውንም ጨርሳ ጻፈችው።