«የማን ጸሐፊ ነሽ?» ከሄርማታ አጋሮ ደርሶ መልስ

ጠዋት፣ ሄርማታ

ጮርናቄዬን በሻይ አወራርጄ ከቤት ስወጣ የማስበው ከአባቴ ጋር የገባሁትን ውል ነበር። አባቴ ጅማ፣ ሄርማታ ሠፈር ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። እንግሊዝኛ ተምሬ በዲግሪ ስመረቅ ሠፈሩን ሁሉ ጋብዞ «አስተማሪ ትሆናለች» ብሎ ነበር፤ እኔ ግን አዲስ አበባ ሄጄ መጽሔት ቤት ገባሁ። መጀመሪያ የሰው ፊደል አረምኩ፤ ቀጥሎ ከእንግሊዝኛ የኮከብ ትንበያ ተረጎምኩ። አባቴ ይህን ቢሰማ «አስተግፊሩላህ» ብሎ ሱቁን ይዘጋ ነበር። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀው «ቢሮ ናት» ብሎ ያሳጥራል።

አሁን ዋና አዘጋጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ጽሑፍ ሰጥታኛለች፤ የቡና ለቀማ ወቅት በጅማ ዙሪያ። ጽሑፉ ካልወጣ ጅማ ተመልሼ የአባቴ ወዳጅ ትምህርት ቤት ላስተምር ቃል ገብቻለሁ።

«እንግሊዝኛ የተማርሽው በአማርኛ ልትጽፊ ነው?» አለኝ አባቴ ሲሸኘኝ። «ያኔውኑ ብትነግሪኝ ብዙ ይቀልልን ነበር።»

መንገድ ላይ

ከመናኸሪያ የአጋሮ ሚኒባስ ያዝኩ። ከትልልቅ የጥላ ዛፎች ሥር ቡናው ቀልቷል፤ በየደጁም ከነገለባው የሚደርቀው ጀንፈል ቡና ተሰጥቷል። የቡ ከተማ ስንደርስ በመስኮት የተቀቀለ በቆሎ ገዛሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ሳልጋብዛቸው ግማሹን ሰብረው ወሰዱና በልተው ሲጨርሱ መረቁኝ።

ረፋድ፣ አጋሮ አቅራቢያ

ከአጋሮ በባጃጅ ወደ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ወጣሁ። ረጃጅም የማድረቂያ አልጋዎች ላይ የታጠበ ቡና ተሰጥቷል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ብልሹውን ይለቅማሉ። ድምፅ መቅጃዬን አወጣሁ።

«ሥራው እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ችግር የለም?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማርኩት የቃለ መጠይቅ ጥበብ ሁሉ እዚያው አልጋ ላይ ደረቀ። የለቃሚዎቹ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘይነባ ቀርበው ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ጸሐፊ ነኝ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ጸሐፊ! ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ። ስብሰባችን እኮ ጸሐፊ አጥቶ ቀርቶ ነበር።»

ለማስረዳት አፌን ሳልከፍት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ወረቀት ተሰጠኝ። ጸሐፊ ማለት ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ናት፣ አለቀ።

አፋቸው የተከፈተው ያኔ ነው። ለመቅጃዬ ዝም ያሉት ሁሉ «እኔንም ጻፊኝ» እያሉ ተሻሙብኝ። አንዲት ወጣት እናት ብድግ አለች።

«ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ቡናውን ይሸፍኑታል። ለእኛ ግን ዳስ የለም። እንደ ቡናው ያድርጉን፣ ይኸው ነው።»

«ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው» አሉ ሁሉም። እኔም ጽሑፌን እንዳገኘሁ አወቅኩ።

ቃለ ጉባኤውን አንብቤላቸው ስጨርስ እውነቱን ተናገርኩ፤ የቢሮ ሳይሆን የመጽሔት ጸሐፊ ነኝ፣ ከፈቀዱልኝ ይህን አገር ያነበዋል። በኦሮምኛ ተመካከሩ። የሄርማታ ልጅ ነኝና ሁሉንም ሰማሁ፤ ግን ኦሮምኛ እንደማይሰማ ሰው ጫማዬን አየሁ።

«ታዲያ የማን ጸሐፊ ነሽ? አለቃሽ ማነው?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

«አዘጋጇ አለች…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። አዘጋጇ አለቃዬ ናት፣ የእሷ ጸሐፊ ግን አይደለሁም።

«ይሁን። ቃለ ጉባኤው ለእኛ፣ ሌላው ለሰው። ስማችንን ግን እንዳትስቺ።»

ከሰዓት፣ አጋሮ

ምሳ ቤት ገብቼ ሽሮና አቮካዶ አዘዝኩ። «እንደ ቡናው ያድርጉን» የሚል ርዕስ ሰጥቼ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ሽሮው ቀዘቀዘ። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ በመጨረሻ ጽሑፉን ወሰደልኝ።

ስመለስ የቡ ላይ ስልኬ ጮኸ። አዘጋጇ ናት። «ርዕሱን እንዳትነኪው። ሽፋኑ ላይ ይወጣል» አለችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። ጎኔ ያለችው ሴት ሰው የሞተብኝ መስሏት እስከ ጅማ «አብሽሪ» ስትለኝ መጣች።

ማምሻ፣ ሄርማታ

አባቴ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ጨርቅ እየለካ ሳለ ደረስኩ። ሳልቀመጥ ጽሑፉን አነበብኩላቸው። ኮርቼ ነበር፤ አልደብቅም። በአራት ዓመት ትምህርት ያልገባኝ አንድ ነገር በዚያ በርጩማ ላይ ገብቶኛል፤ ሰው ጆሮ የሚሰጠውን ሲያገኝ ሳይጠየቅ ይናገራል። አባቴ ሜትሩን አስቀምጦ አዳመጠ። ስለ ዳሱ ስደርስ አንገቱን ነቀነቀ።

«ወዳጄን ሌላ አስተማሪ ፈልግ እለዋለሁ» አለ ስጨርስ።

ልብስ ሰፊው ግን ነገሩ አልተጨበጠለትም። «ማሻአላህ፣ ልጅዎ ጸሐፊ ሆናለች ለካ። የማን ጸሐፊ ናት?»

ለሁለተኛ ጊዜ ተያዝኩ። «ቢሮ ናት» የምትለዋን ቃል ጠብቄ አባቴን አየሁት።

«የኛ» አለ፤ ሜትሩንም አንሥቶ መለካቱን ቀጠለ።