ጥቁሬን ሊያስወልቁኝ ጫካ ወሰዱኝ

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ወራት ካለፉ በኋላ የሥራ ባልደረቦቹ ከሐዘን ሊያወጡኝ ወሰኑ። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ጥቁሩን በራሱ እጅ አያወልቅም። ሰዎች መጥተው፣ ለምነው፣ አዲስ ልብስ አልብሰው ያስወልቁታል። ይህ የሚደረገው ቤት ውስጥ ነው። እነሱ ግን ጫካ መረጡ፤ ከአንኮበር በታች ያለውን፣ ጉሬዛ የሚኖርበትን ደን። ወንድሜ ይወደው ነበር ብለው ነው። መውደዱስ እውነት ነው። ከእነሱ ጋር ግን አንድም ቀን አልሄደም። ብቻውን ነበር የሚሄደው።

እናቴ ደግሞ፣ ትንሹ ልጄ ካላወለቀ እኔም አላወልቅም ብላ ነግራቸዋለች። ስለዚህ እምቢ ማለት አልቻልኩም። በልቤ ግን የምሄደው ለልብሱ አልነበረም። ወንድሜ አንድ እሁድ ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። «ከዛፍ ሥር ቁጭ በል፣ ዝም በል፣ ጉሬዛዎቹ ይመጣሉ» ይለኝ ነበር። ይህንን ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ጠዋት ሚኒባሱ ከደብረ ብርሃን ሲነሳ ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ነበር። የወንድሜ ፎቶ ታትሞበታል። ከመታወቂያው ላይ የተወሰደ፣ የማይወደው ፎቶ። ሆዳቸው ላይ ተለጥጦ ፊቱ ሰፍቷል። ሲስቁ ፊቱ ይነቃነቃል። ደግሞ ብዙ ይስቁ ነበር። ስፒከር ይዘዋል። ዘፈኑ ከሚሠሩበት ፋብሪካ በር እስከ አንኮበር አልቆመም።

መንገድ ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አየንና ወረድን። ብስኩት ወረወሩላቸው። ሣር ለሚነጭ እንስሳ ብስኩት። አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ጀርባውን ሰጥቶን ሣሩን መንጨቱን ቀጠለ። ከሁላችን ጨዋ እሱ ነበር።

«ሽማግሌው፣ ወዲህ ዙርልኝ እንጂ» አለች የሒሳብ ክፍሏ ሴት፣ ስልኳን ዘርግታ።

«ምን ይዞራል? እንደ አለቃችን ኮርቷል» አለ ሾፌሩ።

አለቃቸው ራሱ ሳቀ። «ይኩራ። እሱን ስብሰባ የሚጠራው የለ።»

ደኑ ጋ ስንደርስ የአካባቢው አስጎብኚ ድምፅ እንዲቀንሱ ለመናቸው። ቀነሱ። እሱ ፊቱን ሲያዞር መልሰው ጨመሩ። እኔ ቀድሜ ወረድኩ። ጥዱ ውስጥ ጭጋግ ነበር፤ መሬቱ ርሷል። ዘፈኑ እስኪርቅ ሄድኩና ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ዝም አልኩ። ብርዱ በሱሪዬ ገባ።

መጣ። መጀመሪያ ነጭ ጭራ ብቻ ነው ያየሁት፣ ከቅርንጫፍ ወደ ታች የተንጠለጠለ። ከዚያ ፊቱን አየሁ። ቁልቁል ያየኛል። ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። ያሰብኩት ነገር ያለም አይመስለኝም። ጥቂት ቆየን፣ እሱም እኔም።

ከዚያ እነሱ ደረሱ።

«ይኸው ልጁ እዚህ ነው» አለ አለቃው። ቀና ብሎ ጉሬዛውን አየው፤ ጥቁር አካሉን፣ በትከሻው የወረደውን ነጭ ጠጉር። «እሱም ከሐዘን እየወጣ ነው እንዴ? ግማሹን አውልቋል።»

ሁሉም ሳቁ። ጠላኋቸው። ይበልጥ ያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው፤ ወንድሜ ቢኖር ይህችኑ ቀልድ እሱም ጣል ሳያደርጋት አይቀርም ነበር።

ሴትዮዋ ከፌስታል አዲስ ነጭ ሸሚዝ አወጣች። «በል ታናሹ፣ ጊዜው ደርሷል። አውልቅ።» ሦስት አራት ስልክ ወደ እኔ ዞረ። ወንድሜ ከሁሉም ሆድ ላይ ያየኛል።

«እዚህ አላወልቅም» አልኩ።

«እናትህን አስባት እንጂ» አለ አለቃው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያደረገው ያኔ ነው። ያለውም እውነት ነው። ይህንንም ጠላሁት።

ሸሚዙን ተቀበልኩና ከጥቁሩ በላይ ደረብኩት። እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። አጨበጨቡ። ስፒከሩ ተከፈተ። ቀና ስል ቅርንጫፉ ብቻ ይወዛወዛል።

ማታ ቤት ሲያደርሱኝ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ተራ በተራ ሳሟት፣ በየሆዳቸው ላይ የልጇን ፊት ይዘው። እሷ ወደ ቲሸርቶቹ አላየችም። ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረች። ኮሌታዬን በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገችው።

«ከሥሩ ምንድን ነው?»

«ብርድ ነበር፣ እማዬ።»

ኮሌታውን መልሳ አስተካከለችልኝ።

«አዎ፣ ብርድ ነው» አለች። ጥቁር ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች።