የጓሳው ጋራ ባለቤት

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ተናደድኩ። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ እንዲህ ደሜን የሚያፈላው ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የተጠራነው ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ለመወያየት ነው። መድረኩ ላይ የቆመው ወጣት ባለሙያ ሦስት የኢኮኖሚ ሞዴሎች እያወዳደረ ያስረዳናል፤ መሬቱን መንግሥት ሲይዘው፣ ለገበያ ሲተው፣ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ሲጠብቀው። ሦስተኛውን «አዲስና ተስፋ ሰጪ» አለው። አዲስ! የያዝኩትን የውሃ ብርጭቆ አስቀመጥኩና የእናቴን ቤት ክዳን አሰብኩ።

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ሲኬድ፣ ዳገቱ አልቆ ብርዱ ጆሮ መቆንጠጥ ሲጀምር፣ በስተቀኝ አንድ ጋራ አለ። በልጅነቴ ከጫፍ እስከ ግርጌው ጓሳ ነበር። ጓሳ ረጅም፣ ጠንካራ ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል፣ እረኛና ገበሬ ለዝናብ የሚለብሱት ገሳም ከእሱ ነው። ጋራው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ጓሳው ሲደርስ የጋራው አባት ተብለው የተመረጡት ሼህ ይመርና የደብሩ ቄስ መምሬ አለሙ አብረው ወጥተው ያዩታል። ከዚያ በገበያ ቀን ይለፈፋል፣ ዱዓውም ምርቃቱም ይደርሳል፣ ጋራው ይከፈታል።

የመጀመሪያው ቀን ግን ባል ለሞተባቸው ሴቶች ብቻ ነው። ጉልበተኛው ሳይሻማቸው ደህና ደህናውን እንዲያጭዱ ነው። ወንዶቹ ግርጌው ላይ ተቀምጠው በሶ እየጨበጡ ሲቀልዱ ይውላሉ እንጂ አንዳቸውም ድንበሩን አያልፉም። ማንም ዘበኛ አላቆመባቸውም።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴም ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ነበረች። ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። የቤታችን ክዳን በስብሶ ያለፈውን ክረምት በየጥጉ ድስትና ቅል እየደቀንን ነው ያሳለፍነው። እናቴ ማጭዷን ስላ፣ ገመዷን አዘጋጅታ የካቲትን ትጠብቃለች። ለሌላው ጋራው ሣር ነው፤ ለእሷ ቤት ነበር።

ጥር ላይ ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጣና ስብሰባ ጠራ። ጓሳና ባህር ዛፍን ማወዳደር ጀመረ። ጓሳ ገበያ አይወጣም፣ ባህር ዛፍ ግን አጣና ሆኖ ይሸጣል፤ ጋራው ለተደራጁ ወጣቶች ቢከፋፈል ሁላችንም በጥቂት ዓመት ቆርቆሮ ቤት እንገባለን አለ። በመጨረሻ ጠየቀ፦

«የዚህ ጋራ ባለቤት ማን ነው?»

ሰዉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ተነስቶ «የኔ ነው»፣ «የኛ ነው» ማለት ነውር ነው፤ ትዕቢት ነው። ሼህ ይመር ቀስ ብለው ተነሱ።

«የአላህ ነው ልጄ» አሉ። «እኛማ ጠባቂ ነን።»

መምሬ አለሙም እውነት ነው፣ የእግዜር ነው ብለው ደገፏቸው። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ።

«እንግዲያው ባለቤት ከሌለው የመንግሥት ነው» አለ ባለሙያው። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ልናገር። ሰውየው ባዕድ አልነበረም። የከላላ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱም ስለ ማሳው ቢጠየቅ ያንኑ መልስ እንደሚሰጥ አሳምሮ ያውቃል። አውቆ ነው የሽማግሌዎቹን ፈሪሃ አምላክ ጋራውን እንደ ለቀቁበት ፊርማ የቆጠረው።

የካቲት ላይ እናቴ እንዳልሰማ ሰው ማጭዷን ይዛ ወጣች፤ ተከተልኳት። ጋራው ለተደራጁት ወጣቶች ተከፋፍሎ ጓሳው ከነሥሩ እየተቆፈረ ነበር። ድንበሩ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ዱላ ይዞ ቆሟል።

«ዛሬ እኮ የኛ ቀን ነው» አለችው።

«ቀን የሚባል ነገር ቀርቷል እማማ» አለ፣ ፊቷን ሳያይ።

ገመዱን ክንዷ ላይ ጠቅልላ ተመለሰች። በክረምቱ ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ተናደ። መካነ ሰላም የሚኖረው ወንድሟ ጓሮው ውስጥ ካለች አንዲት ክፍል አስገባት፤ ከዚያ ወዲያ የራሷ ቤት ሳይኖራት ሞተች። ከተተከለው ባህር ዛፍ አብዛኛውን ውርጭ አቃጠለው። የተረፈው ጎብጦ ቀረ፣ ከሥር የነበረው ምንጭም ቀጠነ። የድሮው ደንብ እንከን አልነበረውም አልልም፤ ተደብቆ የሚያጭድ ነበር፣ ጠብም ነበር። ጋራው ግን ነበር።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ የአዳራሹ ወጣት እስከ ዛሬ የተረፈ ሌላ የጓሳ ጋራ ሥዕል አሳየን።

«ለመሆኑ የዚህ ባለቤት ማን ነው?» አለ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ ከዚያው ጋራ ሥር የመጡ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊነሱ ሲሉ ምን እንደሚመልሱ ገባኝ። እጅጌያቸውን ያዝኩና ቀድሜያቸው ተነሳሁ።

«የእነዚህ ሰዎች ነው» አልኩ። «አላህ የሰጠው ለእነሱ ነው። ጻፈው ልጄ።»

ሽማግሌው አፍረውብኝ አንገታቸውን ደፉ፤ «አስተግፊሩላህ» ሲሉ ሰማኋቸው። ወጣቱ እስኪጽፍ ድረስ ግን አልተቀመጥኩም።